እኔ የወረወርኩት አንዲት ጠጠር ናት

በአንድ ወይና ደጋ አገር፣ ከተረተር ሥር፣ ከአሮጌ ሾላ አጠገብ የምትፈልቅ አንዲት ምንጭ ነበረች። ዓይኗ ጠባብ ነው፤ የሰው ክንድ ቢገባበት ይሞላዋል። ውሃዋ ግን በጋ ከክረምት አይቋረጥም ነበር። ከበላይዋ ያለው ተረተር የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ ጠጥቶ በሆዱ ያኖራል፤ በጋ ሲመጣ በዚያች ጠባብ ዓይን በኩል ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል። መንደሩ የሚጠጣው፣ ከብቱ የሚረካው፣ ከታች ያለው ጌሾና ቃሪያ የሚለመልመው በእሷ ነው። ሴቶቹ ጎህ ሲቀድ እንስራቸውን አዝለው ይወርዳሉ። አንድ እንስራ እስኪሞላ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል ይባል ነበር፤ ሳይቸኩሉ ለሚደግሙት ማለት ነው።

በዚያ አገር ሌሎች ምንጮችም ነበሩ። ይህችኛዋ የምትለየው በአንድ ነገር ነው፤ ጠጠር ሲወድቅባት ድምፅ ታሰማለች። ዓይኗ ስለሚጠብ ጠጠሩ ሲያርፍበት ውሃው ይተናነቅና «ጉርርር» ብሎ አረፋ ይደፍቃል፤ ከዚያ ጠጠሩን ውጦ እንደገና ይወርዳል። ይህን ጠባይዋን ለብዙ ዘመን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ እረኞቹ ከብቶቻቸውን ለማጠጣት ወረዱ። አለቃቸው ጅራፉን ከሁሉ አስበልጦ የሚያጮህ፣ በገና ጨዋታ ጊዜ ዱላው የማይመከት ልጅ ነበር። ከብቶቹ ጠጥተው ሲያመሰኩ እሱ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ሳለ አንዲት ጠጠር አንሥቶ ወረወረ። ጠጠሯ ዓይኗ ላይ አረፈች። ምንጯ አጉረመረመች።

«ሰማችሁ? እንደ ባልቴት ታስላለች!» አለ።

እረኞቹ ሳቁ። ሌላ ወረወረ። አሁንም አጉረመረመች፤ አሁንም ሳቁ። ያን ቀን ከብቶቹ ጠግበው ወደ ግጦሹ ሲመለሱ ልጆቹ ሁሉ ሆዳቸውን ይዘው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቀትር በመጣ ቁጥር ጨዋታው ያው ሆነ። ማን ረዘም አድርጎ ያስጮኻታል? ማን በአንድ ውርወራ ሁለት ጊዜ ያስላታል? ሁሉም ግን ወርዋሪ አልነበረም። ጥቂቶቹ ይወረውራሉ። ሌሎች ድቡልቡሉን ጠጠር እየመረጡ ያቀብላሉ። የሚበዙት ዙሪያውን ተቀምጠው ይስቃሉ። ከሚስቁት አንዱ ጨዋታውን በልቡ አልወደደውም ነበር፤ እንዲያውም ድምፁ ሆዱን ይረብሸው ነበር። ነገር ግን አለቃው ፊቱን ያዞረበት እንደሆነ ተረኛው መሳቂያ እሱ ራሱ እንደሚሆን ያውቃል። ስለዚህ ከሁሉም ጮኽ ብሎ የሚስቀው እሱ ነበር።

አንዲት ጥጃ ጠባቂ ልጅም ነበረች። አትወረውርም፤ አትስቅም፤ አትናገርምም። ፈንጠር ብላ ትቀመጥና ታያለች። ሲመሽ፣ እረኞቹ ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ መንደር ሲያቀኑ፣ ጥቂት ወደኋላ ቀርታ እጇን እስከ ክርኗ ወደ ምንጯ ዓይን ታስገባለች፤ የደረሰችበትን ሁለት ሦስት ጠጠር አውጥታ ሳሩ ውስጥ ትጥላለች፤ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጥጆቿን ተከትላ ትሮጣለች። በቀን የሚገባው ግን ከሚወጣው ይበልጥ ነበር። ለማንም አልነገረችም።

ወራት አለፉ። ውሃው ማነስ ጀመረ። መጀመሪያ ያወቁት ሴቶቹ ናቸው፤ እንስራው እስኪሞላ የሚደገመው አቡነ ዘበሰማያት ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አምስት ሆነ።

«ምን ሆና ነው?» ተባለ። መልስ የሚሰጥ አልታጣም። አንዷ «ሰነፈች» አለች። አንዱ «የድሮ ምንጭ እንዲህ አልነበረም፤ የዘንድሮው ልፍስፍስ ነው» አለ። ሌላው ከተረተሩ ማዶ ያለችውን ምንጭ በጣቱ እያሳየ «እሷን እዩአት፣ እንዴት እንደምትወርድ! ያው አንድ ዝናብ አይደል የሚዘንብላቸው?» ሲል ተቆጣ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ አንዳንድ ቃል እየጣለባት ያልፍ ጀመር።

አንድ ሽማግሌ ደግሞ ቀትር ላይ ከእርሻ ሲመለሱ ልጆቹ ሲወረውሩ አይተዋል። ቆም ብለው ተመለከቱ። ከዚያ ፈገግ ብለው «ልጆች ናቸው፤ ይጫወቱ። እኛስ በልጅነታችን ስንቱን ወርውረን የለ? ምን ሆነች?» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። አለቃው ይህን ሰምቷል። በማግሥቱ ጠጠሩ ተለቅ አለ።

በመጨረሻ ከጎረምሶቹ አንዱ ትዕግሥቱ አልቆ ዶማ ይዞ ወረደ። ዓይኗን ላስፋው ብሎ ደጋግሞ መታት፤ ባለመውረዷ ተናዶባትም ነበር። አፏ ላይ የነበረው ጠጠር ወደ ውስጥ ጠለቀ፤ ዳር ዳሩ ያለው አፈር ተንዶ በላዩ ተጠቀጠቀ። በሦስተኛው ቀን ምንጯ ጭራሽ ዝም አለች።

«ደረቀች» ተባለ። ሴቶቹ የአንድ ሰዓት መንገድ እየሄዱ ከወንዝ ይቀዱ ጀመር። እረኞቹም ጨዋታው ስላለቀባቸው ከብቶቻቸውን ከተረተሩ ማዶ ወዳለችው ምንጭ ነዱ፤ እዚያም ደርሰው ጠጠር ለቀሙ። ጥጃ ጠባቂዋ ብቻ አልፎ አልፎ እየመጣች እጇን ወደ ጭቃው ትሰድ ነበር፤ የምትደርስበት ጠጠር ግን አልነበረም።

ውሃ መንገድ ስላጣ አይጠፋም። ተረተሩ እንደ ልማዱ የክረምቱን ዝናብ ጠጣ፤ በሆዱ አኖረ፤ በጋ ሲመጣ ግን የሚለቅበት አጣ። በቀጣዩም ክረምት ጠጣ። ምልክቱ ታይቶ ነበር። ከላይ ያለው የጤፍ ማሳ ኅዳር ላይ፣ ሊታጨድ ሲደርስ፣ ሥሩ በስብሶ ተኛ። የአንዲት መበለት ቤት ግድግዳ ያለ ዝናብ ያልብ ጀመር። አውድማው ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ታየ፤ ባለቤቱ በእበት ለቅልቆ ደፈነው። አጥር ዘመመ፤ ባላ ተተከለለት። ሁሉም የየራሱን ጠገነ። ወደ ምንጯ ያየ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ ሳያባራ በከረመበት ሳምንት፣ ሌሊት ላይ ተረተሩ ተናደ። አውድማውን፣ ሁለት ጎተራና አንድ በረት ይዞ ወረደ። እግዜር አተረፈ፤ ሰው አልሞተም። በረቱ የእረኞቹ አለቃ አባት ንብረት ነበር።

መንደሩ ተሸበረ። የሰማይ ቁጣ ነው ያሉ ነበሩ፤ ቦታው እርግማን አለበት ያሉም ነበሩ። ከጎረቤት አገር የውሃ አባት ተጠሩ፤ መስኖ ሲያከፋፍሉና ምንጭ ሲጠርጉ ያረጁ ሰው ናቸው። ሰዉ ናዳውን ሊያሳያቸው ይሻማል፤ እሳቸው በዘንጋቸው እየተደገፉ ወደ ታች ወረዱና ከሾላው ሥር ተንበረከኩ። ጆሯቸውን መሬቱ ላይ አደረጉ። ብዙ ቆዩ።

«ይህች ምንጭ ዝም ያለችው መቼ ነው?»

በውል የሚያውቅ ጠፋ። አንዱ አምና አለ፤ አንዱ ካቻምና አለ።

«ዝም ከማለቷ በፊትስ ምን ትል ነበር?»

አዋቂዎቹ ጥያቄው አልገባቸውም። ልጆቹ ግን እርስ በርሳቸው ተያዩ።

የውሃ አባት ኩታቸውን አውልቀው ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው አስገቡ። ጭቃውን ዛቁት፤ ከጭቃው ሥር ጠጠር አወጡ። ደግመው አስገቡ፤ አሁንም ጠጠር። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ከሾላው ሥር ጉልበት የሚደርስ ክምር ሆነ። ትልቁ የዶሮ እንቁላል አያህልም።

«ልጆቹን ጥሩልኝ» አሉ።

ልጆቹ ቀረቡ። በሦስት ዓመት ውስጥ አድገዋል፤ አለቃው ጢም ሊያበቅል ደርሷል።

«ይህን ሁሉ ማን ጣለው?»

«አባባ፣ እኔ የወረወርኩት በቀን አንዲት ጠጠር ናት» አለ የመጀመሪያው።

«እኔም አንዲት ናት» አለ ቀጣዩ።

«እኔ አቀበልኩ እንጂ አልወረወርኩም።»

«እኔ ሳቅሁ እንጂ እጄን አላነሣሁም።»

ያ ከሁሉም ጮኽ ብሎ ይስቅ የነበረው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ምንም አላለም።

«ሁላችሁም እውነት ተናግራችኋል» አሉ የውሃ አባት። «ውሸት የተናገረው ደረቀች ያለው ሰው ነው።»

ያን ጊዜ ጥጃ ጠባቂዋ ድምፅዋ እየተቆራረጠ «እኔ… እኔ አወጣ ነበር፤ ማታ ማታ» ብላ አለቀሰች።

«አውቃለሁ ልጄ፤ ሳሩ ውስጥ የጣልሽውን አይቻለሁ። ይህች ምንጭ ያን ያህል ጊዜ የቆየችው ባንቺ ነው። ለምን ለሰው አልተናገርሽም?»

«ማን ይሰማኛል ብዬ ነው፣ አባባ።»

የውሃ አባት ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ መንደሩ ሽማግሎች መለሱ። «የጠየቅሁት እሷን ነበር፤ መልሱ ግን ከእናንተ ነው የሚጠበቀው» አሉ። «ይጫወቱ» ብለው ያለፉት ሰው መሬት መሬቱን አዩ።

በዚህ መሐል በረቱ የፈረሰበት አባት ልጁን ሊገርፍ ጅራፉን አነሣ። የውሃ አባት እጁን ያዙት። «አስቀምጠው። ከእሱ የሚያንሰው ሲጮህ መስማት የሚያስደስት መሆኑን ከማን እንደተማረ አሁን አሳየኸኝ።»

የቀረውን ጠጠር ልጆቹ ራሳቸው እንዲያወጡ ተፈረደ፤ በእጃቸው፣ ያለ ዶማ። መጀመሪያ የተንበረከከው አለቃው ነው። በዶማ ተመትቶ የተጠቀጠቀው ጠጠር እየተፈለቀቀ እስኪወጣ ጥፍራቸው ተላጠ። በሦስተኛው ቀን ያ ሳቂው ልጅ ከጥጃ ጠባቂዋ አጠገብ ሆኖ ጭቃ ሲዝቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔንም ይረብሸኝ ነበር፤ ሲያስጮኹአት» አላት። አጠገባቸው የነበረ ሌላ ልጅ ሰምቶ «እኔም» አለ። ሌላው ቀና ብሎ «አንተም?» አለ። ቢቆጠር ከአሥራ ሁለቱ እረኞች ስምንቱ ጨዋታውን ጠልተውት ኖረዋል። እያንዳንዱ የጠላሁት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ያምን ነበር።

በአምስተኛው ቀን ውሃው መጣ፤ ቀይ ጭቃ ሆኖ፣ እየተንተከተከ። እንስራ ይዘው የቆሙት ሴቶች «ይህ ደግሞ ምኑ ይጠጣል?» አሉ። «ይውረድ» አሉ የውሃ አባት። «ሦስት ዓመት የታፈነ ነው። ድፍርሱን ካልታገሣችሁት ጥሩው አይመጣም።» ሳምንት ሙሉ ድፍርስ ወረደ። ከዚያ ጠራ።

እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ከውሃው ከፊሉ በታፈነበት ዘመን በተረተሩ ጎን ወደ ገደሉ ሌላ መንገድ አግኝቶ ነበር፤ እሱ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ አንድ እንስራ እስኪሞላ ሁለት አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል። ምንጯን አጥረን እንዝጋት ያሉ ሰዎች ነበሩ። የውሃ አባት «ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ እሷን ለምን ታስራላችሁ?» ብለው ከለከሉ። በአጥሩ ፈንታ ሕግ ወጣ፤ ቀትር ላይ፣ ከብት በሚጠጣበት ሰዓት፣ ከአዋቂዎች አንድ ተረኛ ከሾላው ሥር ይቀመጣል።

* * *

ምሳሌውን ያመጣሁት ስለ ትምህርት ቤቶቻችን ነው። ክፍል ውስጥ ጠጠሯ ምን እንደምትመስል የተማረ ሁሉ ያውቃታል። ቅጽል ስም ናት። ከገጠር የመጣ ልጅ አነጋገሩ ሲደገምበት የሚነሣው ሳቅ ናት። የተቀደደ ጫማ ላይ፣ የሚንተባተብ ምላስ ላይ፣ የአባት ሥራ ላይ፣ ከእኩዮቿ ቀድማ የደረሰች ልጅ ገላ ላይ ታርፋለች። ልጁ ሊቀመጥ ሲል «ተይዟል» የሚባልበት ዴስክም እሷው ናት። ዛሬ ደግሞ የትምህርት ቤቱ በር ሲዘጋ አትቀርም፤ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ በኩል መኝታ ቤቱ ድረስ ትከተለዋለች።

እያንዳንዷ ለብቻዋ ስትቆጠር ትንሽ ናት። ልጁ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ገብቶ «ስም አወጡልኝ» ሲል ክሱ ራሱ ያሳፍረዋል፤ «በዚህ ነው እንዴ?» ይባላል። ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በስዊድንና በኖርዌይ ያጠናው የሥነ ልቦና ሊቅ ዳን ኦልቪዩስ ጥቃትን ከተራ ጠብ የለየው በሦስት ምልክት ነው፤ ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ ተጠቂውም ከአጥቂው አቅሙ ያንሳል። ክብደቱ በመደጋገሙ ስለሆነ የዛሬዋን ብቻ አንሥቶ የሚመዝን መምህር ምንጊዜም ቀላል ሆና ያገኛታል።

ልጁ ውስጥ ግን ነገሩ ይጠራቀማል። ሰው አደጋ ሲመጣበት ሰውነቱ ይነቃል፣ ልቡ ይመታል፤ አደጋው ሲያልፍ ያርፋል። አደጋው በየቀኑ የሚጠብቀው ተማሪ ማረፊያ የለውም። እንቅልፉ ይቆራረጣል። ቅዳሜ ደህና የነበረው ልጅ ሰኞ ጠዋት ሆዱን ይቆርጠዋል፤ እናቱ አሜባ ነው ብላ ላቦራቶሪ ትወስደዋለች። በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር እንደሚቆም የሚጨነቅ አእምሮ ሰሌዳው ላይ የሚሠራውን ሒሳብ ያያል እንጂ አይከተለውም፤ ውጤቱ ሲወርድ ቤት ውስጥ «ሰነፈ» ይባላል። ከሁሉ የከፋው እፍረቱ ነው። ሌሎች ያወጡለትን ስም ልጁ ለራሱ መድገም ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይሰድበው ይሰደባል። ድባቴና ጭንቀት የሚገቡት በዚህ በር ነው፤ አንዳንዱንም መኖርን እስኪጠላ ያደርሱታል።

«ልጅነት ነው፣ ይረሱታል» ለሚሉ ሰዎች አንድ ጥናት ልጥቀስ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1958 በአንድ ሳምንት ውስጥ የተወለዱ ሕፃናት እስከ ጉልምስናቸው ድረስ ሲጠኑ ኖረዋል። ከእነዚህ የ7,771ዱን ወላጆች ልጃቸው 7 እና 11 ዓመት ሳለ በእኩዮቹ ይጠቃ እንደነበር ተመራማሪዎቹ ጠይቀዋቸው ነበር። ደጋግመው ሲጠቁ የነበሩት 45 ዓመት ሲሞላቸው እንኳ ከሌሎቹ ይልቅ በድባቴ፣ በጭንቀትና ራስን በማጥፋት ሐሳብ ሲሠቃዩ ተገኙ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

ስለ ራሳችን ልማድም አንድ ነገር ልናገር። ትምህርት ቤቶቻችን ክስ ሲቀርብላቸው የሚያውቁት መድኃኒት ዕርቅ ነው፤ ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን አቁሞ «በሉ ይቅር ተባባሉ፣ ተጨባበጡ» ማለት። ዕርቅን አከብራለሁ፤ እኩል አቅም ያላቸው ሰዎች ሲጣሉ ከሱ የተሻለ የለም። ሲጠቃ የኖረን ልጅ ከሚያጠቃው ጋር አጨባብጦ መላክ ግን የአንዱን በደል የሁለቱ ጥፋት ያደርገዋል፤ ከቢሮው ወጥተው ጥቂት ሳይራመዱም «ከሰስከኝ አይደል?» ይከተላል። ሁለቱን ለየብቻ ማነጋገር፣ አጥቂውን በግልጽ ማስቆም፣ የሁለቱንም ወላጆች መጥራት፣ ከሳምንት በኋላም ተመልሶ መጠየቅ ይገባል። ቤት ውስጥ የሚሰጡት ሁለቱ ምክሮችም አይረዱም። «ቻለው» የሚባለው ልጅ ችሎ ችሎ ነው የመጣው። «አንተም ምታው» የሚባለውም መምታት ቢችል መጀመሪያውኑ አይመረጥም ነበር። ተጎጂውን ትምህርት ቤት ማስለወጥም ብዙ ጊዜ አጥቂውን ከነልማዱ እዚያው መተው ነው።

አጥቂውን መግረፍ ደግሞ ያንኑ ጥቃት መልሶ ማስተማር ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ልምጭ ይዞ ክፍል የሚገባ መምህር፣ ደካማውን ተማሪ ከፊት አስቁሞ ክፍሉን የሚያስቅ መምህር፣ ጨዋታውን የጀመረው እሱ ነው።

ተስፋ የማየው ዙሪያውን ከቆሙት ልጆች ዘንድ ነው። በካናዳ ተመራማሪዎች የትምህርት ቤት ሜዳዎችን በካሜራ እየቀረጹ ሲያጠኑ፣ አብዛኛው ጥቃት ሌሎች ልጆች እያዩ የሚፈጸም ሆኖ ተገኘ። ከሚያዩት አንዱ ጣልቃ ሲገባ ከ100 ጊዜ በ57ቱ ጥቃቱ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ቆሟል። 10 ሴኮንድ! እኛ ግን ልጆቻችንን ጠዋት ጠዋት የምንሸኛቸው «የሰው ነገር ምን አገባህ፣ አርፈህ ተማር» እያልን ነው።

ትምህርት ቤትም ሊለወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ በሰሜን ኖርዌይ ሦስት ልጆች ራሳቸውን አጠፉ፤ ምክንያቱ የእኩዮቻቸው ጥቃት ሳይሆን አይቀርም ተባለ። በቀጣዩ ዓመት አገሪቱ በትምህርት ቤቶቿ ዘመቻ ጀመረች። ኦልቪዩስ በበርገን ከተማ በተከታተላቸው ትምህርት ቤቶች ጥቃቱ በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ተማሪዎቹ ስማቸውን ሳይጽፉ መጠይቅ ሞሉ፤ በእረፍት ሰዓት አዋቂ ሜዳው ላይ ቆመ፤ እያንዳንዱ ክፍል ደንብ አወጣ፤ ወላጆች ተጠሩ። በአንድ ክፍል 70 ተማሪ የሚያጭቅ ትምህርት ቤትም ለዚህ አቅም አያንሰውም።

ስለዚህ መምህራን፣ በእረፍት ሰዓት ሻይ ቤት ከመግባታችሁ በፊት አንዳችሁ ሜዳው ላይ ቁሙ። ይህን የምታነብ ተማሪ፣ እየደረሰብህ ከሆነ ለአንድ አዋቂ ተናገር፤ ካቀለለብህ ለሌላ ተናገር፤ የሚሰማህ እስክታገኝ አታቁም። በሌላዋ ላይ ሲደርስ የምታዪ ልጅ፣ ሄደሽ አጠገቧ ተቀመጪ፤ ከዚያም ለሚያስቆመው ንገሪ። የአማኑኤል ሆስፒታል ስም መሰዳደቢያ በሆነበት አገር ወላጅ ልጁን ለአእምሮ ሐኪም ማሳየት እንደሚያፍር አውቃለሁ። ልጁ መኖር አስጠላኝ ያለ ዕለት ግን ለእፍረት ጊዜ የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይወሰድ፤ ብቻውንም አይተው። ወላጆች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ስለ ውጤቱ ከመጠየቃችሁ በፊት በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር እንደነበረ ጠይቁት። «ምንም አልሆንኩም» ካላችሁ ነገም ጠይቁት።